ሞተሩ ሳይከፈት፦ የኮምፕሬሽን ልኬት ታሪክ

እስቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። አንዲት ያረጀች መኪና ቆማለች። ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራታል፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ባለቤቱ አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የፈለገው፦ «ትጠገናለች ወይስ ሞተር ልቀይር?» መካኒኩ ትንሽ ቆይቶ «ኮምፕሬሽን የላትም» ይለዋል።

ይህች አጭር መልስ ብዙ ገንዘብ ታስወጣለች። ሞተር ማስከፈት ውድ ነው፤ መቀየር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ታዲያ መካኒኩ ሳይከፍት የሞተሩን ውስጥ እንዴት አወቀ? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። መሐንዲሶች ከ200 ዓመት በላይ የተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ለማወቅ ሲታገሉ ኖረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳያምቅ የሚሠራ ሞተር

ኮምፕሬሽን በአማርኛ እመቃ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ሲወጣ ደግሞ የሳበውን ጠባብ ቦታ ውስጥ ያምቀዋል። የታመቀው ድብልቅ ሲቀጣጠል ፒስተኑን በኃይል ይገፋዋል። የብስክሌት ጎማ የነፋችሁ ነገሩን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። የፓምፑን አፍ በጣት ደፍናችሁ ስትገፉ እጃችሁን መልሶ ይገፋዋል። ፓምፑ የሚያፈስ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ግን ይህን ጥበብ አያውቁም ነበር። በ1860 ኤቲየን ሌኗር ፓሪስ ውስጥ የሠራው ሞተር ጋዝና አየር ስቦ፣ ምንም ሳያምቅ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀጣጥል ነበር። መሥራቱንስ ሠራ። ችግሩ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው 4 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው።

በ1862 አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ማቃጠል ያለበት ከታመቀ በኋላ ነው ብሎ አራቱን ደረጃዎች በጽሑፍ አስቀመጠ፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። እሱ ግን ሞተር አልሠራም። የሠራው ከዚያ በፊት እየዞረ ሸቀጥ ይሸጥ የነበረው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ነው፤ ዘመኑም 1876። የኦቶ ሞተር ድብልቁን 2.5 እጥፍ ገደማ ብቻ ነበር የሚያምቀው። የዛሬ ቤንዚን ሞተር 10 እጥፍ አካባቢ ያምቃል። ስለዚህ ኮምፕሬሽን ያጣ ሞተር ማለት ወደ ሌኗር ዘመን የተመለሰ ሞተር ነው፤ ነዳጁን ይጠጣል፣ ጉልበት ግን የለውም።

እርሳስ የያዘ መሣሪያ

ማመቅ የሚቻለው ግን ሲሊንደሩ ካላፈሰሰ ነው። በእንፋሎት ሞተር ዘመን የፒስተኑ ዙሪያ የሚደፈነው በሞራ በተነከረ የቃጫ ገመድ ነበር። በ1852 እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠና እንደ ሞላ ወደ ውጭ የሚወጠር የብረት ቀለበት አስመዘገበ። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው «ፋሻ» የሚሉት እሱን ነው። ዛሬም ኮምፕሬሽንን ይዞ የሚያቆየው ይኸው ቀለበት ሲሆን፣ ሲያልቅ ሞተሩ ዘይት ማቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል።

ውስጡን የማየት ሙከራ ግን ከቀለበቱም ይቀድማል። በ1796 የጄምስ ዋት ረዳት የነበረው ጆን ሳውዘርን ግፊቱን በወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ ሠራ። ከሲሊንደሩ ጋር የተያያዘች ትንሽ ፒስተን እርሳስ ታንቀሳቅሳለች፤ ወረቀቱም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይመላለሳል። ከሚወጣው ሥዕል ቅርጽ የትኛው ቫልቭ እንደዘገየ፣ እንፋሎቱ የት እንደሚባክን ማንበብ ይቻል ነበር። ዋትና ባልደረቦቹ መሣሪያውን ለብዙ ዓመታት በሚስጥር ያዙት።

የዚህ መሣሪያ ዘመዶች በሩዶልፍ ዲዝል ሙከራም ላይ ነበሩ። የዲዝል ሐሳብ አየሩን ብቻውን እስኪግል ድረስ ማመቅ፣ ከዚያ ነዳጁ ያለ ብልጭታ በራሱ እንዲቀጣጠል ማድረግ ነበር። በነሐሴ ወር 1893 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ፣ ግፊቱ 80 የከባቢ አየር ገደማ ደርሶ መለኪያው ፈነዳ። ዲዝል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1897 ሞተሩ 26 በመቶ የሚሆነውን ሙቀት ወደ ሥራ ቀየረ። ሌኗር 4፣ ዲዝል 26፤ በመካከላቸው ያለው ትልቁ ልዩነት እመቃ ነው።

ክንድ፣ ጌጅና አየር

መኪና መንገድ ላይ ሲወጣ መለኪያው የሰው ክንድ ሆነ። ሞተር የሚነሳው ከፊት በኩል በብረት እጀታ ተዞሮ ነበር። እያንዳንዱ ሲሊንደር ተራው ሲደርስ እጀታውን ይቃወማል። አንዱ ካልተቃወመ ያዞረው ሰው «እዚህ ጋ የሚያፈስ አለ» ይላል። ሞተሩ ወደኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ስለነበር በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ማለትም ሞተሪኖን፣ ይዞ ሲመጣ ሁሉም ተደሰተ። ክንድ አረፈ፤ በየጠዋቱ ያገኝ የነበረውን መረጃ ግን አጣ።

ያንን ቦታ የያዘው ጌጅ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጁና ብልጭታው ይቋረጣል፣ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ ጌጁ በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል። የአየር መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሞተሪኖው የመርፌው ንባብ እስኪቆም ድረስ ሞተሩን ያዞረዋል።

እንበልና አዲስ አበባ ላይ አራቱ ሲሊንደሮች በፒኤስአይ 130፣ 128፣ 75 እና 131 አነበቡ። ብዙ መመሪያዎች ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ እንዳያንስ ይላሉ፤ ሦስተኛው ታሟል ማለት ነው። አሁን አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል። ንባቡ ወደ 115 ከዘለለ የሚያፈሰው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። እዚያው 75 ላይ ከቀረ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታው ጋስኬት ይዞራል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ጋስኬቱ ተቃጥሎ ይሆናል።

የፒስተን አውሮፕላን ጥገና ላይ የለመደ ሌላ ዘዴም አለ። ፒስተኑን ከላይ አቁሞ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ መልቀቅና ማዳመጥ ነው። አየሩ በጭስ ማውጫ ከፈሸለ የማስወጫ ቫልቩ፣ በአየር መግቢያ ከተሰማ የመሳቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካነሳ ጋስኬቱ ነው።

ከፍታው የሚያታልለው

አንድ ነገር ልብ በሉ። የመኪናው መጽሐፍ 170 ይላል፣ ጌጁ 130። ሞተሩ ሞቷል ማለት ነው? አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ መጀመሪያውኑ የሳሳ አየር ነው የሚስበው። ያው መኪና፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 170 አንብቦ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 130 ሊወርድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሞተር ሊያስወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚታመነው። ሁሉም እኩል ከሚጠበቀው በታች ከሆኑ ደግሞ ከመፍረድ በፊት የደከመ ባትሪ፣ ጥርስ የዘለለ የታይሚንግ ቺንጋ ወይም ራሱ ጌጁ ይፈተሻል።

ውሳኔው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቫልቭ ወይም ጋስኬት ከሆነ ቴስታታው ብቻ ይወርዳል፤ የታችኛው ክፍል አይነካም። ፋሻና ሲሊንደር ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ያኔ የጥገናውን ሒሳብ ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር ማመዛዘን ያዋጣል። የሚገዛው ሞተር ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እሱም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መለካት አለበት። አለዚያ አንዱን በሽተኛ በሌላ በሽተኛ መለወጥ ይሆናል።

የሚገርመው መጨረሻው ነው። ዛሬ አንዳንድ ጋራዦች ካንዴላ እንኳ ሳያወጡ ኮምፕሬሽን ይገምታሉ። ኮምፒውተሩ ሞተሪኖው የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ይከታተላል። ጤነኛ ሲሊንደር ሞተሪኖውን ስለሚቃወም መስመሩ ከፍ ይላል፤ የሚያፈሰው ተራው ሲደርስ ዝቅ ይላል። ከመቶ ዓመት በፊት በብረት እጀታ ሞተር ያስነሳ የነበረ ሹፌር ይህን መስመር ቢያይ ወዲያው ይገባው ነበር፤ በክንዱ ያውቀዋልና።