የጎረቤት ከተማ ቴሌቪዥንና የኬብል መሥመር

የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ በአሜሪካ ሥርጭቱ በተጀመረበት ዘመን ተራራ የጋረዳቸው ከተሞች ከበረከቱ ተካፋይ ሳይሆኑ ቀርተው ነበር። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 ለአዲስ ጣቢያ ፈቃድ መስጠቱን ስላቆመ፣ የራስን ጣቢያ ማቋቋም የማይቻል ሆነ።

በ1950 በፔንሲልቬንያ፣ በላንስፎርድ ከተማ፣ ሮበርት ታርልተን ከባልንጀሮቹ ጋር በተራራ አናት ላይ አንቴና ተክሎ የፊላደልፊያን ጣቢያዎች በሽቦና በማጉያ መሣሪያ ወደየቤቱ አወረደ። በዚህም የፊላደልፊያ ጣቢያዎች ተመልካች ተጨመረላቸው እንጂ አልተወሰደባቸውም።

ጠቡ የተነሣው ሽቦው የራሱ ጣቢያ ወዳለው ከተማ በገባ ጊዜ ነው። የኬብል ድርጅቶች የሎስ አንጀለስን ሥርጭት ወደ ሳንዲያጎ ሲያመጡ፣ በሳንዲያጎ የሚገኝ ጣቢያ ባለቤት ተጐዳሁ ሲል ለኮሚሽኑ አቤት አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 1968 ኮሚሽኑ ኬብልን የመቈጣጠር ሥልጣን እንዳለው ፈረደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን፣ ከዌስት ቨርጂንያ በመጣ ሌላ መዝገብ፣ ኬብሉ ከተመልካቹ አንቴና የተለየ አይደለምና የደራሲን መብት አይነካም ሲል ወሰነ።

ይህንኑ የ1976ቱ የደራሲ መብት ሕግ ለውጦ የኬብል ድርጅቶች ከሩቅ ለሚያመጡት ሥርጭት እንዲከፍሉ ደነገገ፤ የ1992ቱ ሕግም የአካባቢ ጣቢያዎች ሥርጭታቸው በኬብል ከመተላለፉ በፊት ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጣቸው። መሐንዲሱ በአንድ አንቴና የፈታውን ችግር ሕግ አውጪው እስኪዳኘው አርባ ሁለት ዓመት አለፈ።