ስቲቭ ሪቭስ

ስቲቭ ሪቭስ (እ.ኤ.አ. 1926–2000) በሞንታና የተወለደ አሜሪካዊ የሰውነት ግንባታ ሻምፒዮንና የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1947 ሚስተር አሜሪካ፣ በ1950 ሚስተር ዩኒቨርስ ሆነ። ዳይሬክተሩ ሴሲል ደሚል ለሳምሶን ሚና አስቦት ነበር፤ ነገር ግን ክብደት እንዲቀንስ ስለተጠየቀ ነገሩ ሳይሳካ ቀርቶ ሚናውን ቪክተር ማቹር ወሰደው። ለሆሊውድ የከበደውን ያንኑ ሰውነት ጣሊያኖች ፈለጉት። በ1958 በፒዬትሮ ፍራንቺሺ «ሄርኩለስ» ውስጥ ሰንሰለቱን በቤተ መንግሥቱ ምሰሶዎች ላይ ጠምጥሞ ሲጎትትና ሕንፃው ሲናድ የሚታየው ትዕይንት ዝናውን በዓለም ናኘው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ድምፅ ግን የእሱ አልነበረም። «የፖምፔ የመጨረሻ ቀናት» ሲቀረጽ የተጎዳው ትከሻው የትወና ዘመኑን አሳጠረበት። የመጨረሻ ፊልሙ በ1968 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ፈረስ ማርባት ያዘ። ከሰውነት ግንባታ መድረክ ተነሥተው የፊልም ኮከብ ከሆኑት ፈር ቀዳጁ እሱ ነው።