ገብረ ክርስቶስ ደስታ እና እስክንድር ቦጎሲያን

ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981) እና እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሥዕል አቅጣጫ የቀየሱ ሠዓሊዎችና መምህራን ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ ሁለቱም አለ ፈለገ ሰላም በመሠረተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ ሁለቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል። ስማቸው አብሮ የሚነሣውና የሚነጻጸረው ግን ዘመናዊ ሥዕል ኢትዮጵያዊ የሚሆነው በምኑ ነው ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ስለሰጡ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የግብርና ትምህርት ትቶ ወደ ጀርመን ሄደና ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። በ1962 ተመልሶ በተከታዩ ዓመት ያቀረበው ዐውደ ርእይ ረቂቅ ሥዕልን ለአዲስ አበባ ተመልካች አስተዋወቀ። ብዙዎች ሥራውን የባዕድ አሉት። ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አልነበረም። በ1963 የሠራውን «ጎልጎታ» ቀረብ ብሎ ላየው፣ ስቅለቱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደለመድነው በትልልቅ ዓይኖችና ተለይቶ በሚታወቅ መልክ አይነገርም፤ ሥጋውንም ደሙንም የሚናገረው ቀዩ ቀለም ነው። ሕማማትን የሚያውቅ ተመልካች ለዚህ ሥዕል አስተርጓሚ አያሻውም። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር፤ በግጥሙም የቤት አመታትንና የስንኝን ልማድ ደፍሮ ነክቷል።

እስክንድር አዲስ አበባ ከትውልደ አርመናዊ የክብር ዘበኛ መኮንንና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በ1955 በመንግሥት ወጪ ለንደን ተልኮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። እዚያ ከጥቁር ሕዝቦች የባህል ንቅናቄ ሰዎችና ከኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራዎች ጋር ተዋወቀ፤ በፓሪስና በኒው ዮርክ ያሉ ታላላቅ ሙዚየሞችም ገና በ1960ዎቹ ሥዕሎቹን ገዙ። በ1966 አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ከአፍሪካ ተረትና ከሕልም የተቀዳ ዓለም ነበር። ደብተራ በክታብ ላይ የሚሥለው ጠልሰም፣ አፍጥጦ የሚመለከተው ዓይን፣ መስቀሉና ሐረጉ በሥራዎቹ ውስጥ እንደገና ተዋሕደው ይታያሉ። ብራናና ከዛፍ ልጥ የተሠራ ጨርቅም እንደ ሸራ ተጠቅሟል።

የብራና ሠዓሊው ልጅ ከብራናው ርቆ በቀለምና በቅርጽ ብቻ መናገርን መረጠ፤ በለንደንና በፓሪስ የተማረው ወጣት ደግሞ ወደ ብራናው ተመለሰ። ስለዚህ አንዱን «ፈረንጅ አምላኪ»፣ ሌላውን «ባህል ጠባቂ» ብሎ መለየት ሁለቱንም አለማየት ነው።

በዚያው ዘመን ጀርመን ተወላጁ ሃንሰን ባሂያ ከብራዚል መጥቶ ከ1963 እስከ 1966 በትምህርት ቤቱ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተማረ። ምስሉ ተገልብጦ በጣውላ ላይ ይቀረጻል፤ ሳይፈለፈል ከፍ ብሎ የቀረው ክፍል ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፍበትና ይታሻል። በጃፓን የኤዶ ዘመን ሆኩሳይና ሂሮሺጌ ፉጂ ተራራን እየተቀባበሉ የሣሉበት ይኸው ዘዴ ነው፤ በዚያ ግን ሠዓሊው ንድፉን ሰጥቶ ቀራጩና አታሚው ሌሎች ሙያተኞች ነበሩ። በአዲስ አበባ ተማሪው ሁሉንም በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨት ቅርጽን ከሃንሰን ባሂያ ተምሮ፣ የገብረ ክርስቶስንና የእስክንድርን ትምህርትም ቀስሟል። በኋላ ከሸማኔ ዕቃ የተወሰዱ የቀርከሃ ስንጥቆችን ገጣጥሞ በላያቸው መሣል ጀመረ፤ ከማንኛቸውም የማይቀዳ መንገድ ነው።

እስክንድር በ1969 ትምህርት ቤቱን ለቆ ብዙ ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን በኬንያ በኩል ተሰድዶ ጀርመን፣ ከዚያም አሜሪካ ገባ፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በኦክላሆማ አረፈ። በጀርመን ተቀምጠው የቆዩት ሥዕሎቹ ወደ አገር ተመልሰው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተከፈተው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። እስክንድር ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር ከአሉሚኒየም የሠራው «ኔክሰስ» ደግሞ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ይታያል።