አፍ የሌላት አሻንጉሊት

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ነው። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ባልደረባችን ለእኛ ለወንዶቹ መምህራን «ስጦታ» ይዞ መጣ። ስጦታው አንዲት የቀልድ አሻንጉሊት ናት። ከጀርባዋ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ቀሚሷ ብድግ ይላል፤ ሌላ ሙያ የላትም። እኛም ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር የምንውል ጎልማሶች በሳቅ ፍርስ አልን። በዚህ መሐል ሻይ የምታቀርብልን ልጅ ገባች። አንዱ ቁልፏን ደግሞ ተጫናት። ልብ አድርጉልኝ፣ በዚህኛው ዙር አሻንጉሊቷን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው የልጅቷን ፊት ነበር። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ጋሼ፣ ብርጭቆውን ልውሰድ?» አለችኝ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ ብል ደስ ባለኝ። አልቀረም፤ ስቄያለሁ።

እንዲህ ያለው አሻንጉሊት ነውር ነው ወይስ የአዋቂ ጨዋታ? ሰዎች በዚህ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት ጀርመናዊት አለች። ስሟ ሊሊ ይባላል።

ሊሊ የተወለደችው ወረቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሰኔ ወር «ቢልድ» የተባለው ጋዜጣ መታተም ሲጀምር፣ ራይንሃርድ ቦይቲን የተባለ ሰዓሊ ገጹ ላይ ክፍት የቀረች ቦታ እንዲሞላ ተጠየቀና ሊሊን ሳላት። ጀርመን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየተነሳች ነው። ሊሊ ደግሞ ሠርታ የምታድር፣ ቁንጅናዋን የምታውቅ፣ ሀብታም ወንድ ብታገኝ የማትጠላ ጸሐፊ ናት። ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ ሀብታምና መልከ መልካም ሰው እንደምታገኝ ሲነገራት፣ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጧት ትጠይቃለች። ፖሊስ ባለ ሁለት ቁራጭ የዋና ልብስ ክልክል ነው ሲላት፣ ታዲያ የትኛውን ላውልቅ ትለዋለች። ቀልዱ የአዋቂ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን የመጨረሻዋን ቃል የምትናገረው እሷ ናት። መሳቂያ የሚሆኑት ጠንቋይዋና ፖሊሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ሃውሰር የተባለ ኩባንያ ሊሊን በፕላስቲክ ሠራት፤ ትልቋ 30፣ ትንሿ 19 ሳንቲሜትር ናቸው። መጀመሪያ የታሰበችው ለልጆች አልነበረም። በሲጋራ መሸጫዎችና በመጠጥ ቤቶች ትሸጥ ነበር፤ ወንድ ለወንድ ጓደኛው ለቀልድ የሚሰጣት ዕቃ ሆነች። ፕላስቲክ ስትሆን ታዲያ አንድ ነገር ጎደላት፤ አንደበቷ። ያ ሁሉ መልሷ ጋዜጣው ላይ ቀረ። የተረፈው ወገቧ፣ ደረቷና ወደ ጎን የምትመለከት ዓይኗ ነው። በእሷ ቀልድ መሳቅ ቀረና በእሷ ላይ መሳቅ ተጀመረ።

የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሩት ሃንድለር የተባለች አሜሪካዊት ከልጇ ከባርባራ ጋር ስዊዘርላንድን ስትጎበኝ ሊሊን ሱቅ ውስጥ አይታ ገዛቻት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ የሩት ኩባንያ ማቴል ኒው ዮርክ በተካሄደው የአሻንጉሊት ትርዒት ላይ ባርቢን አቀረበ። በቁመት፣ በወገብ፣ በአተያይ የሊሊ ቁርጥ ናት። በ1964 ማቴል የሊሊን መብት ገዛ፤ የሊሊ ምርትም ቆመ። እንግዲህ ፍረዱ! ሲጋራ ቤት ስትቀመጥ ነውር የተባለችው አካል፣ ጥቂት ተለዋውጣ የልጆች መደርደሪያ ላይ ስትወጣ የጨዋ ልጅ መጫወቻ ሆነች። ነውሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አብሮ ባሕር አይሻገርም ነበር?

«እንኳን ጸዳች» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ማቴል የምትናገር ባርቢ አወጣ። ከ270 ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ለእያንዳንዷ አሻንጉሊት አራት አራት ደረሳት። ከነዚያ መካከል አንዱ የሒሳብ ትምህርት ከባድ ነው የሚል ነበር። የአሜሪካ ምሁራን ሴቶች ማኅበር ተቆጣ፤ ኩባንያውም አረፍተ ነገሩን አወጣው። አያችሁ፣ አንደበት ሲመለስላት ያቺ ፖሊስ የምታሳፍረው ሊሊ አልተመለሰችም። ለእኔ ከሲጋራ ቤቱ ቀልድ ይልቅ ይሄኛው ይከብደኛል። የሰማችው የስምንት ዓመት ልጅ ናታ!

የአዋቂ ቀልድ በራሱ ነውር ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ይህን ቢል ማን ያምነዋል? አዝማሪው ስንቱን ብልግና በሰም ጠቅልሎ ሲያቀብለን፣ የገባው ስቆ ያልገባው አጨብጭቦ ይሄዳል። ግን ጥሩ አዝማሪ ግጥም ሲሰጡት መልስ ይሰጣል፤ የሚነካው ሰውም አፍ አለው፤ መልሶ ይነካዋል። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይኸው መመላለስ ነው። መመለስ የማይችል ሰው ፊት የሚሳቅ ሳቅ ግን፣ ዕቃው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ጨዋታ አይባልም።

ያቺ ሻይ የምታቀርብልን ልጅ የሊሊን ያህል መልስ ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። እንጀራዋ እኛ እጅ ላይ ነበር። ስለዚህ ብርጭቆዬን አንስታ ወጣች። አሻንጉሊቷም ጠረጴዛው ላይ ቆማ ቀረች፤ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይመልሱልን።