የገና መብራት የገና ዕቃ ነው ወይ?

የአምናው ገና ዋዜማ ላይ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እርስ በርሱ የተተበተበ የመብራት ገመድ እፈታለሁ። እናቴ ቡና ታፈላለች። ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በትራንዚተርነት የሠሩት ሽማግሌ፣ እንደ ልማዳቸው ለሁለተኛው ስኒ ደርሰው መጡና ቆመው አዩኝ።

«ምን ይዘሽ ነው የምትታገዪው?» አሉኝ።

«የገና መብራት ነዋ ጋሼ።»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ሲደርስ የገና ነው። ጉምሩክ ላይ ግን ኳሱ የገና ነው፣ ኮከቡ የገና ነው፤ መብራቱ መብራት ነው።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ጋዜጠኝነት ያስተማሩኝ ሰዎች ያተረፉልኝ በሽታ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ገና መብራትና ስለ ቀረጥ ሳነብ ከረምኩ። አብዛኛው ያገኘሁት የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ኩባያ ቀረጥ ላይ ፍርድ ቤት ድረስ መካሰስ፣ ፍርዱንም አሳትሞ ማስቀመጥ የእነሱ ሙያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሻማ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ፈረንጆቹ የገና ዛፋቸው ላይ የሚያበሩት እውነተኛ ሻማ ነበር። የደረቀ ጥድ ላይ፣ በእንጨት ቤት ውስጥ፣ እሳት! የውኃ ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር በዓል የሚያከብሩት። በ1882 ዓ.ም. ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለ የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ ኒው ዮርክ ውስጥ ቤቱ ባቆመው ዛፍ ላይ 80 ትንንሽ አምፖሎች በእጅ አገናኝቶ አበራ፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ። ዛፉም በኤሌክትሪክ ይሽከረከር ነበር። ኤዲሰንና ጓደኞቹ አምፖል የሚሸጡ ሰዎች ነበሩና ማስታወቂያም ነው፤ ግን ቆንጆ ማስታወቂያ ነው። ለብዙ ዓመታት የባለጠጋ መጫወቻ ሆኖ ቆየ። በ1923 ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የገና ዛፍ ሲያበሩ 2,500 አምፖሎች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ መብራቱ እየረከሰ፣ እየበዛ፣ በኋላም ከእስያ በመርከብ እየተጫነ መጣ። በመርከብ የመጣ ዕቃ ደግሞ ወደብ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «አንተ ማን ነህ?»

ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያስከፍለው በዕቃው ስም ነው። ስሙ ከተቀየረ ገንዘቡም ይቀየራል። በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ወይስ አትክልት ብሎ ፈርዷል። በጊዜው አትክልት 10 በመቶ ይቀረጣል፣ ፍራፍሬ በነፃ ይገባል። ዳኞቹ ያሉት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ብትሆንም ሰው ከእራቱ ጋር እንጂ ከእራት በኋላ እንደ ጣፋጭ አይበላትም፤ ስለዚህ አትክልት ናት፣ ትክፈል ነው። ሳይንሱን ሳይሆን የሕዝቡን ገበታ አዩ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እያንዳንዱ አገር የራሱን መጽሐፍ ይዞ እንዲህ ሲነታረክ ኖረና በ1983 ብራስልስ ላይ አንድ የጋራ ስምምነት ተፈረመ። ሀርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል፤ የእኛ ትራንዚተሮች «ኤች ኤስ ኮድ» የሚሉት ነው። በ1988 ሥራ ላይ ዋለ፣ አሜሪካ በ1989 ተቀበለችው። ከ5,000 የሚበልጡ የዕቃ ዓይነቶች ስድስት ስድስት አሃዝ ተሰጣቸው፤ ከጥጥ እስከ ሰርከስ ድንኳን። የኢትዮጵያም የታሪፍ መጽሐፍ የተሠራው በዚሁ ላይ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 95 የመጫወቻና የበዓል ዕቃ ቤት ነው። 9505.10 ላይ «ለገና በዓል የሚሆኑ ዕቃዎች» ይላል። የመስተዋት ኳሱ፣ ሰው ሠራሹ ዛፍ፣ ኮከቡ እዚህ ይገባሉ። የመብራቱ ገመድ ግን እዚህ የለም። ምዕራፍ 94 ውስጥ፣ ከአልጋና ከፍራሽ፣ ከጠረጴዛ መብራት ጋር ተቀምጧል፤ ቁጥሩ 9405.30 ሆኖ ስሙም «ለገና ዛፍ በሚውለው ዓይነት የተሠራ የመብራት ስብስብ»። ልብ በሉ! ስሙ ላይ ገና አለ። የበዓል ዕቃ ግን አይደለም። እንዲያውም የምዕራፍ 94 ማስታወሻ የቻይና የወረቀት ፋኖስን ለበዓል ዕቃዎች ሲለቅ የኤሌክትሪክ ገመዱን «እሱ ሲቀር» ብሎ ለይቶ ያስቀረዋል።

በአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በላዩ ላይ የተቆለሉትን ተጨማሪ ቀረጦች ትተን በመደበኛው መጣኔ ብንሄድ፣ ኳሱ በዜሮ ቀረጥ ይገባል፣ አጠገቡ የሚንጠለጠለው መብራት 8 በመቶ ይከፍላል። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ፣ ሁለት ሕግ።

እኔ የአርቃቂዎቹ ሐሳብ ይገባኛል። መብራትን ሁሉ አንድ ላይ ካላስቀመጥክ ነጋዴ ሁሉ አምፖሉ ላይ የገና አባት ለጥፎ በነፃ ያስገባል። ጭንቅ የሚመጣው መሐል ቤት ላለው ዕቃ ነው። ሆዱ ውስጥ አምፖል ያለበት የሸክላ የገና አባት ምንድን ነው? መብራት ነው ወይስ የገና አባት? ደንቡ ለዕቃው ዋና ጠባዩን የሰጠው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። ጋሼም በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱኝ ይኼንኑ ነበር፦ «አጥፊውና እዪው። ጠፍቶም ካማረ ጌጥ ነው፤ ጠፍቶ ካላማረ መብራት ነው።» ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ይቺ ገባችኝ።

የመብራቱ ስም ተጠርቶ ስለተጻፈ ዳኛ ሊያነሣው አልቻለም። ስማቸው ያልተጠራው ዕቃዎች ግን ጦርነት ገቡ። የአሜሪካ ጉምሩክ የበዓል ዕቃ ለመባል ዕቃው ቶሎ የሚበላሽ፣ በዋናነት ለጌጥ የሚያገለግልና ከአንድ በዓል ጋር በልማድ የተያያዘ መሆን አለበት ይል ነበር። ሚድዌስት ኦፍ ካነን ፎልስ የተባለ የሚኒሶታ አስመጪ ተቃወመና በ1997 ከፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዕቃዎቹ መካከል በሃሎዊን ጊዜ ፊት እንደሚቀረጽበት ዱባ የተሠራ ኩባያና ማንቆርቆሪያ ነበሩ። ጉምሩክ «ኩባያ ኩባያ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉ የበዓል ዕቃ ይላል እንጂ ከጌጥ ሌላ ጥቅም የሌለው ብቻ አይልም፤ ይጠጣበትም የበዓል ነው ብሎ ለነጋዴው ፈረደ።

በሩ ተከፈተ፣ ሁሉም ገባ። በ2003 የጠረጴዛ ጨርቅ ተራው ደረሰ። በፓርክ ቢ ስሚዝ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መለኪያ ይህ ነበር፦ ዕቃው ከአንድ ከታወቀ በዓል ጋር በጥብቅ የተያያዘ፣ በዋናነትም በዚያ በዓል የሚታይ መሆን አለበት፤ ከበዓሉ ውጭ ብትጠቀምበት ሰው «ምን ሆነ?» የሚልህ ዓይነት። የገና ዛፍ ወይም ሃሎዊን የተሳለበት ጨርቅ አለፈ። ቅጠልና አበባ ብቻ የተሳለበት ወደቀ። ቀይና አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ገና አያሰኝም።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አንድ የፍርድ ቤት ዳኛ በጋና በክረምት ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚነጠፍ እያሰበ የሰው በዓል የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሲወስን ታየኝ። ቀረጥ ነው ብለን የናቅነው ወረቀት በዓል ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሆኖ አረፈው።

ብራስልስ ዝም አላለችም። በ2007 ምዕራፍ 95 ላይ ማስታወሻ ጨምራ ጥቅም የሚሰጠውን የገበታ ዕቃ፣ ምንጣፍና ጨርቅ ሁሉ ከበዓል ዕቃነት አባረረችው። አሜሪካ በበኩሏ የራሷን መውጫ ቀዳዳ ሠራች፦ ለሃይማኖታዊ ወይም ለባህላዊ በዓል በተወሰነ ሥርዓት ላይ የሚውል የቤት ዕቃ በነፃ ይግባ። ለምሳሌ የአይሁድ የፋሲካ ማዕድ ሳህንና የመቅረዝ መብራት። ይኸውላችሁ፣ መብራት በስተመጨረሻ በበዓልነቱ አለፈ፤ ግን የሥርዓት መብራት ስለሆነ ነው።

በዚህ ቀዳዳ ለማለፍ የሞከሩት የዋተርፎርድና የዌጅውድ ሳህኖችና ብርጭቆዎች ናቸው። አስመጪው የገና እራትና የምስጋና ቀን እራት ራሳቸው ባህላዊ ሥርዓት ናቸው አለ። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። እራት እራት ነው፣ የተወሰነ ሥርዓት አይደለም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጀበናውን እንደያዘች «ጾም ተፈትቶ፣ ዳቦ ተባርኮ ተቆርሶ፣ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ወጥቶ ሥርዓት ያልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አለች። ድፎ ዳቦ የምንቆርስበት ቢላዋ እነዚያ ዳኞች ፊት ቢቀርብ በነፃ ያልፍ ይሆን እያልኩ አመሸሁ። ለቲማቲም የሕዝቡን ገበታ ያየ አገር ለገና እራት ሲሆን ገበታውን አላየውም!

አሁን ወደ መብራት አያት፣ ወደ ሻማ ልመልሳችሁ፤ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነውና። በ1986 አሜሪካ ከቻይና በሚገባ የፓራፊን ሻማ ላይ ዋጋ ሰብሮ ገብቷል ብላ 54.21 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። በዓመቱ፣ በ1987፣ ለበዓል ተብለው የተሠሩ ሻማዎች ነፃ ናቸው የሚል ማብራሪያ ወጣ፤ የገና ምልክት ያለባቸው፣ በገና አባት ቅርጽ የተሠሩ። ከዚያ ለዓመታት የንግድ ሚኒስቴሩ ሠራተኞች ሻማ በሻማ እያገላበጡ ሲያዩ ኖሩ። ምልክቱ ከአብዛኛው አቅጣጫ ይታያል ወይስ ከፊት ለፊት ብቻ? ጌጡ ሻማው ሳይጎዳ ይነቀላል? ከተነቀለማ በዓሉም አብሮ ይነቀላል፣ ቀረጡ ይመለሳል። ለሻማው በዓል መሆን ከዋጋው ግማሽ በላይ ያድነው ነበር። ከሻማው የተወለደው መብራት ግን ስሙ ላይ ገና ተጽፎለትም ምንም አላተረፈ።

የእኔ ቅሬታ ግን ከ8 በመቶው አይደለም፣ ከስሙ ነው። «ለገና ዛፍ በሚውለው ዓይነት» የሚለው ቃል ዕቃውን የሚለየው በወገኑ ነው፤ አንተ ራስህ ምን ላይ እንደምትሰቅለው አይጠይቅም። ስለዚህ ያው ብልጭ ድርግም የሚል ገመድ በሕንድ ለዲዋሊ፣ በካይሮ ለረመዳን፣ በአዲስ አበባ ለእንቁጣጣሽ ለሆቴል በር ሲገዛ በዓለም መዝገብ ላይ የፈረንጅ ገና ዛፍ መብራት ሆኖ ነው የሚመዘገበው። የጥድ ዛፍ እንኳ ለእኛ ገና እንግዳ ነው፤ የልጅነት ገናዬ ቄጠማና የገና ጨዋታ ነበር። በ2022 መጽሐፉ ሲታደስ ኤል ኢ ዲ የሆነውንና ያልሆነውን ለይተው 9405.31 እና 9405.39 አደረጉት። «ስብስብ» የሚለውን ቃል እንኳ «ገመድ» ብለው አስተካከሉት። የገና ዛፉን ግን የነካው የለም።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ከላይ እስከ ታች በዚያው መብራት ተሸፍኗል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ በራና እልልታው ቀለጠ። ጋሼ ሳህናቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ፣ ወደ ላይ እያዩም «ዘጠና አራት፣ ዜሮ አምስት» አሉኝ በጆሮዬ። ከዚያ ጥብስ ሊያስጨምሩ ሄዱ።