ስለ ቪየና ኦፔሬታና ስለ ተዋንያኑ

ንግግርና ዜማ ተዋሕደው የፍቅርን ታሪክ የሚያሳዩበት ኦፔሬታ የተባለው የተውኔት ዓይነት ከሊቃውንት ዘንድ ብዙ ክብር አግኝቶ አያውቅም፤ ኦፔራን የሚያከብሩት ቀላል ነው ብለው ይንቁታል፣ ንጹሕ ድራማን የሚወዱት ደግሞ ሰው በወሬው መካከል ድንገት ብድግ ብሎ መዝፈኑ ከባሕርየ ሰብእ የራቀ ነው ብለው ያፌዙበታል። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ እንደ መሆኔ መጠን ሁለቱንም ነቀፋ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ከፊል እውነት እንዳለባቸውም አልክድም፤ ዳሩ ግን ነቃፊዎቹ የሚመዝኑት በወረቀት ላይ የቀረውን ድርሰት ነውና ሚዛናቸው ይጎድላል። ኦፔሬታ መልኩና አረማመዱ፣ ድምፁና ጉድለቱ ሳይቀር አስቀድሞ ለታወቀ ለአንድ ተዋናይ ተለክቶ የሚሰፋ ሥራ ነበር፤ ስለዚህ ታሪኩን ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከደራስያኑ ይልቅ የተዋንያኑን ፍለጋ ቢከተል ወደ እውነቱ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቪየና ከተማ፣ ቪን ከምትባለው ትንሽ ወንዝ አጠገብ፣ በ1801 የተከፈተ «ቴአተር አን ዴር ቪን» የሚባል ትያትር ቤት አለ። ያቋቋመው ኤማኑኤል ሺካኔደር ለሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራ ቃሉን የደረሰለትና በዚያው ኦፔራ ውስጥ ፓፓጌኖ የተባለውን ወፍ አዳኝ ሆኖ ራሱ የተጫወተ ሰው ሲሆን፣ በአዲሱ ቤት አንደኛው በር ላይ የንጉሥ ወይም የጥንት አማልክት ምስል በማቆም ፈንታ የገዛ ራሱን በፓፓጌኖ ልብስ አስቀርጾ አቆመ፤ ያም ሐውልት እስከ ዛሬ ከበሩ ላይ አልወረደም። የቤትሆቨን «ፊዴልዮ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቤት በ1805 ነው፤ ይሁን እንጂ የቤቱ ጠባይ ከቤትሆቨን ይልቅ ወደ ሺካኔደር ያደላ ነበርና፣ ተዋናይ ራሱን በደጃፉ ላይ ያነገሠበት ስፍራ ኋላ የኦፔሬታ መናገሻ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ኦፔሬታ በቪየና አልተወለደም። ዣክ ኦፈንባክ በ1855 በፓሪስ ትንሽ ትያትር ቤት ከፍቶ በነገሥታትና በባለጸጎች ላይ የሚሣለቁ የዜማ ጨዋታዎችን ማቅረብ በጀመረ ጊዜ ሥራዎቹ ወዲያው ድንበር እየተሻገሩ ወደ ቪየና ደረሱ፤ የቪየና ሰዎችም አይተው ቀኑና በ1860 ፍራንዝ ፎን ዙፔ የራሳቸው የሆነውን የመጀመሪያውን ኦፔሬታ በዚሁ በወንዙ ዳር ቤት አሳየ። ለጭፈራ አዳራሽ ዋልዝ ሲደርስ የኖረው ዮሐን ሽትራውስ ወደ ትያትር የገባው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። «የሌሊት ወፍ» የተባለው ዝነኛ ሥራው በኤፕሪል 5 ቀን 1874 ሲከፈት፣ በሜይ 1873 በቪየና የአክሲዮን ገበያ ላይ የደረሰው ውድቀት ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ገንዘቡን ያጣ ሕዝብ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ሲታለሉና በመጨረሻው ጥፋቱን ሁሉ በሻምፓኝ ላይ ሲያላክኩ ለማየት ተቀመጠ። ሮዛሊንደ የተባለችውን እመቤት ሆና የተጫወተችው ማሪ ጋይስቲንገር የቤቱ ተባባሪ ዳይሬክተርም ነበረች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ቀን የትያትር ቤቱን መዝገብ መርምራ ማታ በመድረኩ ላይ መንገሥዋ በራሱ አንድ ድርሰት የሚወጣው ነገር ነው።

ከጋይስቲንገር በኋላ የቤቱ ንጉሥ አሌክሳንደር ጂራርዲ ሆነ። በግራትስ ከተማ በ1850 የተወለደ፣ የቁልፍ ሠሪነት ሙያ የተማረ፣ የዜማ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ነበር፤ ድምፁም እንደ ድምፅ ቢመዘን ከተራው የሚበልጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ ቃልን ከዜማ ሥር አውጥቶ እንደ ጎረቤት ወሬ ለአዳራሹ ሁሉ የማድረስ ጸጋ ነበረው፤ ሽትራውስም በ1885 «የጂፕሲው ባሮን» በተባለው ኦፔሬታ የእሪያ አርቢውን የዡፓንን ክፍል ሲሰጠው፣ ፍቅረኞቹ በከበረ ዜማ እየተነፋረቁ ሳለ ሕዝቡ የሚጠብቀው የጂራርዲን መግባት ሆነ። የሚያደርገው የገለባ ባርኔጣ በስሙ ተጠራ፣ አንድ የጥብስ ዓይነትም እንዲሁ፤ ከተማይቱ ለተዋናይዋ የምትሰጠው ማዕርግ ይህን ያህል ከኩሽና የቀረበ ነበር።

የዚህ ሰው የቤት ኑሮ ግን ከተጫወታቸው ተውኔቶች ሁሉ የባሰ ሆነ። ሄሌነ ኦዲሎን የተባለች ዝነኛ ተዋናይት አግብቶ ሳለ ትዳራቸው ቢታወክ፣ ሚስቱ አእምሮውን ስቷል የሚል የሐኪም ቃል አስወጥታ ወደ እብዶች ሆስፒታል ልታስወስደው ተነሣች። ጂራርዲ ግን አምልጦ የንጉሠ ነገሥቱ የፍራንዝ ዮሴፍ ወዳጅ ወደ ነበረችው ወደ ተዋናይቱ ካታሪና ሽራት ሸሸ፤ እርሷም ጉዳዩን ከዙፋኑ ፊት አድርሳ ዳግመኛ ምርመራ እንዲደረግለት አማለደችው፣ ጤነኛነቱም ተረጋገጠ። በሕይወቱ መጨረሻ፣ በ1918፣ የከበረ ድራማ ብቻ የሚታይበት የቡርግ ትያትር ጠርቶ ከመድረኩ አቆመው፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ሞተ። የሐፕስቡርግ መንግሥትም ከእርሱ በኋላ ዓመቱን አልጨረሰም።

እስከዚህ ድረስ የነገርኩት የሣቅ ታሪክ ነው፤ ኦፔሬታ የፍቅር መድረክ ሆኖ የታወቀው በዲሴምበር 30 ቀን 1905 ፍራንዝ ሌሃር «ደስተኛይቱ መበለት» የተባለውን ሥራውን በዚያው ቤት ባሳየ ጊዜ ነው። ሌሃር የጦር ሠራዊት ባንድ መሪ ልጅ፣ ራሱም የባንድ መሪ የነበረ ሰው ነው። የቃሉ ደራስያን ቪክቶር ሌዮንና ሌዮ ሽታይን ሥራውን በመጀመሪያ ያሰቡት ለሌላ ዜመኛ ነበር፤ የቤቱ ዳይሬክተሮችም የሌሃርን ዜማ ሰምተው ይህ ሙዚቃ አይደለም ብለው እንደ ነበር፣ ለመድረኩም ጌጥ ከአሮጌው ዕቃ ቤት የተገኘውን እንዳቆሙለት ይተረካል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በባልካን የምትገኝ ጶንቴቬድሮ የተባለች ድሀ አገር የባንክ ባለጸጋ የነበረ ባሏ ሃያ ሚሊዮን ትቶላት የሞተ ሐና ግላቫሪ የምትባል አንዲት ወጣት መበለት አለቻት፤ መበለቲቱ በፓሪስ ሳለች ፈረንሳዊ ብታገባ ገንዘቡ ወጥቶ አገሪቱ ትከስራለችና አምባሳደሩ ዳኒሎ የተባለውን መኮንን እንዲያገባት ያዘዋል። ዳኒሎ ግን ቀድሞ፣ ሐና ድሀ ሳለች፣ ወድዷት በዘመዶቹ ተከልክሎ የተለያት ሰው ነውና አሁን እወድሻለሁ ቢል ገንዘቧን ፈልጎ እንዳይመስልበት ይህን ቃል ከአፉ እንደማያወጣ ይምላል።

እንግዲህ የሌሃር ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት በነበሩት ኦፔሬታዎች ፍቅረኞች ፊት ለፊት ቆመው ፍቅራቸውን በዜማ ይናዘዙ ነበር፤ የዳኒሎ መሐላ ይህን መንገድ ስለ ዘጋበት ሌሃር ለሁለቱ የሰጣቸው ዋልዝ ነው። በሁለተኛው ገቢር ሰውየው ሳይናገር ያቅፋታል፣ ኦርኬስትራው ስለ እርሱ ይናገራል፤ ቃሉ የሚመጣው በሦስተኛው ገቢር፣ ከንፈር ዝም ቢል ዋልዙ ሁሉን ተናግሯል በሚል ሐሳብ፣ ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀው በኋላ ነው። በአገራችን ሽማግሌ ሳይላክ ፍቅርን በአፍ መናገር ነውር በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው የዚህ ዝምታ ኃይል ሳይነገረው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ሁለቱን ተዋንያን ሳያስቡ የሚጻፍ አልነበረም። ሐናን የሆነችው ሚትሲ ጉንተርና ዳኒሎን የሆነው ሉዊ ትሮይማን ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ የሌሃር ኦፔሬታ አብረው ተጫውተው የታወቁ ጥንድ ነበሩና፣ ትሮይማን ጭፈራ የሚያውቅ፣ ሲቆም እንኳ የሚጨፍር የሚመስል ሰው መሆኑን ሌሃር አይቷል። የሁለቱ ድምፅ በዘመኑ ሸክላ ተቀርጾ ቀርቷል፤ የሰማሁትም እርሱን ነው። ድምፁ ቀጭን፣ ሸክላውም የሚንሾካሾክ ቢሆን፣ ትሮይማን ቃሉን ከምቱ ጥቂት ዘግየት እያደረገ እንደሚያስቀምጠው ይሰማል፤ ይኸውም ለመናገር የማይፈልግ ሰው አነጋገር ነው። ከእርሱ ወዲህ ዳኒሎን የዘፈኑ ብዙ የኦፔራ ሊቃውንት ሰምቻለሁ፤ ድምፃቸው እጅግ ያማረ ሲሆን፣ መሐላውን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው።

ሥራው ከቪየና ወጥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን ዞረ። ሞንቴኔግሮዎች ዳኒሎ የአልጋ ወራሻቸው ስም ስለ ነበረ ጶንቴቬድሮ በእነርሱ ላይ የተሰነዘረ ሥላቅ ነው ብለው ተቆጡ፤ አልተሳሳቱምም። በለንደን በጁን 1907 በዴሊስ ትያትር ተከፍቶ 778 ጊዜ ታየ፤ በዚያም መበለቲቱን ሊሊ ኤልሲ የተባለች ዓይነ አፋር ወጣት፣ ዳኒሎን ደግሞ መዝፈን የማይችል ጆሴፍ ኮይን የተባለ አሜሪካዊ አስቂኝ ተዋናይ ሆኑ። የቤቱ ጌታ ጆርጅ ኤድዋርድስ ሌሃር ለልምምድ በመጣ ጊዜ ኮይን ጉንፋን ይዞት ነው ድምፁን የሚቆጥበው እያለ እንደ ሸሸገው፣ ሌሃርም በመክፈቻው ማታ ሰውየው ዜማውን በንግግር ሲያልፈው ደንግጦ እንደ ነበረ፣ ሕዝቡ ግን እጅግ እንደ ወደደው ይተረካል። ሉሲል የተባለችው ልብስ ቀያሽ ለኤልሲ የሠራችው ሰፊ ባርኔጣም በሁለቱ የውቅያኖስ ዳርቻዎች ወይዛዝርት ራስ ላይ ወጣ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦፔሬታ መናገሻ ወደ በርሊን አዘነበለ። ፍሪትሲ ማሳሪ የተባለችው የቪየና ልጅ በዚያ ስትነግሥ፣ ሌሃር ደግሞ ከሪኻርድ ታውበር ጋር ተገናኘ። ታውበር ከጂራርዲና ከትሮይማን የተለየ ነበር፤ ሞዛርትን በታላላቅ የኦፔራ ቤቶች የሚዘምር የሠለጠነ ድምፅ የነበረው፣ ዓይኑ ላይ ሞኖክል የሚያደርግ፣ ወፈር ያለ ሰው። ሌሃር ለእርሱ ሲል የኦፔሬታን ሕግ ለወጠ፤ በየሥራው መካከል «የታውበር ዜማ» የተባለ አንድ የፍቅር ዘፈን ይገባል፣ ሕዝቡም እየደጋገመ ያስዘፍነዋል፤ ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው ፍቅረኞቹ በመጨረሻ መለያየት መጀመራቸው ነው። በኦክቶበር 10 ቀን 1929 በበርሊን በተከፈተው «የፈገግታ አገር» አንዲት የቪየና እመቤት ቻይናዊ ልዑል ተከትላ ወደ ፔኪንግ ትሄዳለች፤ የአገሩ ሥርዓት ሌሎች ሚስቶች እንዲያገባ ሲያስገድደው ተለይታው ትመለሳለች፣ እርሱም ልማዱ እንደሚያዘው ፈገግ ብሎ ይቀራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ሣቅን ከውድቀት በኋላ የተቀበለችው ኦፔሬታ ዕንባን ከውድቀት በፊት መቀበልዋ ይገርመኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የታውበርን ዘመን ሥራዎች በሙሉ ልብ አልወዳቸውም፤ ስኳር በዝቶባቸዋል።

ዳሩ ግን የሚመጣው መከራ ስኳሩን አልጠበቀም። ታውበር አባቱ በትውልድ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በ1933 በበርሊን መንገድ ላይ በናዚዎች ተደበደበ፣ ወደ ቪየናም ሸሸ፤ በ1934 የሌሃርን «ጁዲታ» በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ዘፈነ፤ በ1938 ናዚዎች ኦስትርያን በያዙ ጊዜ ያችንም ከተማ አጥቶ ኑሮውን በእንግሊዝ አደረገ። ማሳሪም ተሰደደች። «የፈገግታ አገር»ን ቃሉን ከጻፉት አንዱ ፍሪትስ ሎነር ቤዳ በዚያው ዓመት ተይዞ ወደ ዳኻው፣ ከዚያም ወደ ቡኸንቫልድ ተወሰደ፤ በዲሴምበር 1942 በኦሽቪትዝ ሞተ። የመጀመሪያው ዳኒሎ ሉዊ ትሮይማን በሰባ ዓመቱ ወደ ቴሬዚየንሽታት ተግዞ በ1943 በዚያ ሞተ። «ደስተኛይቱ መበለት» ግን ሂትለር እጅግ የሚወደው ኦፔሬታ ነበርና በዚያው ዘመን በጀርመን መድረኮች ሁሉ ይታይ ነበር። ሌሃር ሚስቱ ሶፊ አይሁዳዊት ስትሆን እርሷን አድኖ፣ ከገዥዎቹም ክብር ተቀብሎ በአገሩ ኖረ፤ ለሎነር ምን ያህል እንደ ደከመ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ያን የዝምታ ዋልዝ የደረሰ ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ማለቱን ሳስብ ልቤ ይከብዳል።

ታውበር ቪየናን በአካል ዳግመኛ አላያትም፤ በሴፕቴምበር 1947 የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ወደ ለንደን በመጣ ጊዜ ሳንባው በካንሰር ተይዞ ሳለ ከቀድሞ ባልንጀሮቹ ጋር የሞዛርትን «ዶን ጆቫኒ» አንድ ማታ ዘፈነ፣ በጃንዋሪ 1948ም ሞተ። ሌሃርም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተከተለው።

ከዚያ ወዲህ ኦፔሬታ በቪየና አልተቋረጠም፤ በየዓመቱ መጨረሻ ማታ «የሌሊት ወፍ» በመንግሥታዊው ኦፔራ ይታያል፣ ኦርኬስትራውም ዘፋኞቹም ከሽትራውስ ዘመን የሚበልጡ እንጂ የሚያንሱ አይመስለኝም። ብቻ በሦስተኛው ገቢር ፍሮሽ የተባለ ሰካራም የወኅኒ ቤት ዘበኛ ይገባል፤ አንድም የሚዘፍነው ዜማ የለውም፣ ስለዚህም ክፍሉ የሚሰጠው ለአስቂኝ ተዋናይ ነው፤ እርሱም የዓመቱን ሹማምንትና የከተማውን ሐሜት ከራሱ እየጨመረ፣ የአዳራሹን ሣቅ እየጠበቀ፣ ሲያስፈልገውም እየዘገየ ይጫወታል። የሙዚቃ ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ የምመጣው ለእርሱ ነው።