ሲያረጁ ፊደል

ሰውን ገና ሳይሞክር ተስፋ የምናስቆርጥበት ቃል ሞልቶናል። ልጅ ፈተና ሲወድቅ «ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው» እንላለን። ጎልማሳ ሥራ ሲበላሽበት «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብለን እንገላገላለን። ሽማግሌ ደብተር ከያዘማ «ሲያረጁ አንባር ይዋጁ» ተብሎ ይሳቅበታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ ሞግተዋል። ችሎታ አብሮን ተወልዶ ባለበት የሚቀር ሳይሆን በጥረት፣ በዘዴና በሰው እገዛ የሚያድግ ነው ባይ ናቸው። መልካም። ግን ይሄን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ ነበረብን እንዴ? ወደ ቦምቤ ጎራ ማለት ይበቃ ነበር።

ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የምትገኘው ቦምቤ፣ ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የወላይታ አውራጃ አካል ነበረች። በዚያ ዘመን ከአገሬው ሕዝብ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም። ወረቀት ሲመጣበት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን ወላይትኛ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሶማሊኛ ጋር ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በኋላ ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ደረሱ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ወላይትኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ አልነበረም። የወላይታ ልጅ የማያውቀውን ፊደል በማያውቀው ቋንቋ ተማር ይባላል፤ ሲያቅተው ደግሞ «ደደብ» ይባላል። በእናቱ ቋንቋ ሲያስተምሩት ግን ጎልማሳው ገበሬም፣ ልጅ ያዘለችው እናትም ፊደል ቆጠሩ። ያው ጭንቅላት ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ነገሩን ማር ብቻ አናድርገው። በግዴታ የተነዳ ሰው ነበር፤ መንግሥት የሚያወጣው ቁጥርም ጥርጣሬ አላጣውም። የሚያነበው በማጣቱ የተማረውን መልሶ የረሳውም ብዙ ነው። ያልተነበበ ፊደል እንዳልታረሰ ማሳ ዳዋ ይበላዋል።

ሌላም ፈተና መጣ። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ተባለ። በግዕዝ ፊደል ማንበብ የለመደው አባት የልጁን መጽሐፍ ሲገልጥ እንደ ገና ማይም ሆኖ ቁጭ አለ! በ1992 ደግሞ የአካባቢውን ቋንቋዎች በአንድ ላይ የቀየጡ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ገቡ። የወላይታ ሕዝብ «ይሄ ቋንቋችን አይደለም» ብሎ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሡ። ከሃያ ዓመት በፊት ቋንቋው በትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰበት ሕዝብ፣ ለመማሪያ መጽሐፉ ሕይወቱን እስከ መስጠት ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ «ትችላለህ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ሰውን አያሳድግም። የሚገባው ቋንቋ፣ የሚታገሠው አስተማሪና የሚያነበው መጽሐፍ ይፈልጋል። እነዚህን ሳናቀርብለት «አይገባውም» ብንል ስንፍናው የእኛ ነው። ልጅዎ ነገ የሒሳብ ፈተና ወድቆ ሲመጣ «ድንጋይ» ከማለትዎ በፊት እስቲ «የቱ ጋ ጠፋህ?» ብለው ይጠይቁት።